«ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ግዙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሐዋሳ አስጎብኚዎች፣ ተማሪዎችና ወፍ ማየት በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። በሐይቁ ዳር ወፍና ጉማሬ መመልከት የሚፈልግ፣ ነገር ግን ለውድ ዕቃ አቅም የሌለው ሰው ባይኖኩላር (ሩቁን የሚያቀርብ ባለሁለት ቱቦ መነጽር) እንዴት መምረጥ እንዳለበት ይመክራል። አነሳሱ መልካም ነው፤ አጻጻፉም ለዛ ስላለው ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ለእኔም ከተለያዩ ወዳጆች ደርሶኛል፤ አንዳንዶቹ «እንግዲህ ይህንኑ ይዘን እንግዛ?» የሚል ጥያቄ አያይዘውበታል። መልሴ «ቆዩ፣ አትግዙ» ስለሆነ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ማቅረቡ ለጠያቂዎቹም ለጸሐፊውም የሚገባ መስሎ ታይቶኛል።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ባይኖኩላር የሚገዛው ሩቁን ለማቅረብ ስለሆነ የማቅረብ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዕቃው ይሻላል፤ ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው በሌላው ሁሉ ቆጥቦ 20 ወይም 30 እጥፍ የሚያቀርበውን ይፈልግ ይላሉ። የፊተኛው ሌንስ ስፋት ስንት እንደሆነ በዕቃው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ማየት እንደሚበቃ፣ ቀይ የሚያንጸባርቅ ሌንስ የጥራት ምልክት እንደሆነ፣ ዙም ያለው (የማቅረብ ቁጥሩን መቀያየር የሚያስችለው) ደግሞ በአንድ ዋጋ ሁለት ዕቃ እንደማግኘት እንደሚቆጠር ይጨምራሉ። ቀጥ ያሉ ሁለት ቱቦዎች ያሉት ዘመናዊ፣ ትከሻው ወደ ጎን ወጣ ያለው ግን ጊዜ ያለፈበት ነው ይላሉ። ከዚያም በብዙዎች ዘንድ መነጋገሪያ የሆነውን ሐሳብ ያመጣሉ፦ ውጭ አገር ለነጥብ 22 ጠመንጃ (ጥይቱ ትንሽ ለሆነ ቀላል ጠመንጃ) የሚሸጥ ርካሽ የማነጣጠሪያ መነጽር ከርካሽ ባይኖኩላር የተሻለ ጥራት ስላለው፣ ዘመድ ያለው ሰው ያንን አስመጥቶ በእጁ ይዞ ይመልከትበት። በመጨረሻም የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው በባይኖኩላር ላይ ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል ብለው ይዘጋሉ።

የምስማማበትንም ልናገር። ለሐዋሳ ሐይቅ ዳር በውድነታቸው የታወቁት የጀርመንና የኦስትሪያ ዕቃዎች የግድ አያስፈልጉም ማለታቸው ልክ ነው። በጥንቃቄ የተያዘ ያገለገለ ዕቃ ከርካሽ አዲስ ሊበልጥ እንደሚችል መናገራቸውም እውነት ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከሱቁ ደጅ ወጥቶ መሞከር ያስፈልጋል ማለታቸውን ማንም አይቃወምም፤ ምን ተብሎ እንደሚሞከር ግን አልነገሩንም፤ እኔ ግን ከዚህ በታች በየቦታው እገባበታለሁ።

ከዋናው ልጀምር። በባይኖኩላር ላይ ከሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 8×42 ከሚለው፣ የመጀመሪያው ዕቃው ምስሉን ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰፋ ያመለክታል። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ በትክክል አስረድተዋል፤ ያላነሱት ሁለቱ ተካፍለው የሚሰጡትን ውጤት ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይሆናል፤ ይህም ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባው የብርሃን ክብ በሚሊሜትር ያለው ስፋት ነው። የዓይናችን ብሌን በቀትር ፀሐይ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይጠብባል፣ ብርሃን ሲቀንስ ደግሞ እየሰፋ ይሄዳል፣ በወጣት ሰው ላይ በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ጸሐፊው የመረጡልን 20 እጥፍ፣ ለምሳሌ 20×50፣ የሚሰጠው የብርሃን ክብ 2.5 ሚሊሜትር ነው። በእኩለ ቀን ከመንገድ ዳር ለሚመለከት ሰው ይህ ጉድለት አይታወቀውም። ወፍ የሚንቀሳቀሰው ግን በማለዳና ወደ ማታ ላይ ነው፤ በወንዶ ገነት ዛፎች ጥላ ሥር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። እዚያ በ20×50 የተመለከተ ሰው የሚያየው ትልቅ፣ ግን ጥቁር ጥላ ነው፤ በ8×42 የተመለከተው ግን የላባውን ቀለም ይለያል።

ብርሃኑ እንኳ ቢበቃ እጅ አለ። እጃችን ሁልጊዜ በመጠኑ ይንቀጠቀጣል፤ 20 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ያንን መንቀጥቀጥም 20 እጥፍ ያደርገዋል። አብዛኛው ሰው ያለ ማቆሚያ አረጋግቶ ሊይዝ የሚችለው እስከ 10 እጥፍ የሚያቀርበውን ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ባለሦስት እግር ማቆሚያ መግዛትና መሸከም ግድ ይሆናል፣ የተቆጠበው ገንዘብም በዚያ በኩል ይወጣል። ጀልባ ላይ ደግሞ ማቆሚያውም አይረዳም፣ ማዕበሉ መነጽሩንም ማቆሚያውንም አብሮ ያወዛውዛቸዋልና። መርከበኞች ከጥንት ጀምሮ 7×50 የሚይዙት ከዚህ የተነሣ ነው። ጉማሬ ለማየት ጀልባ ላይ የሚወጣ አስጎብኚ ጎብኚው ባይኖኩላሩን ወዲያው አውርዶ «ምንም አይታየኝም» ሲል ሰምቶ ከሆነ፣ ዕቃው የተሰበረ ላይሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ለጀልባ ያልተገባ ይሆናል።

ቁጥሩ ሲጨምር ዕይታው ይጠብባል፣ ይህም በተግባር ከሁሉ የበለጠ የሚያበሳጨው ነገር ነው። 7 ዲግሪ ዕይታ ያለው 8 እጥፍ ባይኖኩላር በ100 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 12 ሜትር ስፋት ያሳያል። በሐይቁ ዳር ጥቁርና ነጭ የሆነውን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ያየ ሰው ልማዱን ያውቃል፦ ከውኃው በላይ በአንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ይቆምና ድንገት ምንቃሩን አስቀድሞ ወደ ውኃው ይወረወራል። ዕይታው ሰፊ በሆነ መነጽር ወፉን ወዲያው አግኝቶ ደረቱን ለማየት ጊዜ ይበቃል፤ በደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለ ወንድ ነው፣ አንድ ብቻ፣ ያውም ብዙ ጊዜ መሐሉ የተቋረጠ ከሆነ ሴት ናት። በጠባቡ የሚመለከተው ሰው ሰማዩን ሲያስስ ወፉ ዓሣውን ይዞ ፊላው ላይ አርፏል። በውኃ አበባ ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቹ የሚራመደውን ጃካና መከታተልም እንዲሁ ነው። (አሞራ ገደል ዓሣ ሲራገፍ ትርፍራፊ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ ለማየት ግን 8ም 20ም አያስፈልግም፤ ከጎንዎ ቆሞ ያገኙታል።)

ከዚህም ሌላ፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከውኃውና ከመሬቱ የሚነሣው ሞቃት አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ያንን በማጉላት ማሸነፍ አይቻልም፣ ርግብግቡም አብሮ ይጎላልና። ይህን ካልኩ በኋላ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልተውላቸው፦ በሰንቀሌ ሜዳ ላይ ቆርኬ ለሚቆጥር፣ ወይም በአቢጃታ ዳርቻ ከሩቅ የቆሙ ወፎችን ለሚለይ ሰው 10×42 ከ8×42 ሊሻለው ይችላል። በሜዳ ላይ ብርሃን አለ፣ እንስሳውም በቅጠል መሐል አይሰወርም። ስለ 10 እየተነጋገርን ቢሆን ኖሮ ይህ ምላሽ ባልተጻፈም ነበር።

የተጻፈውን ቁጥር ማመን ይበቃል ለሚለው መልሱ ማስመሪያ ነው። በገበያ ላይ 30×60 የሚል የተጻፈባቸው፣ ግን በኪስ የሚገቡ ትንንሽ ባይኖኩላሮች ሞልተዋል። 60 ሚሊሜትር ማለት 6 ሴንቲሜትር ነው፤ የ6 ሴንቲሜትር ሌንስ ሁለት ጎን ለጎን ተደርጎ በኪስ አይገባም። ማስመሪያውን በፊተኛው ሌንስ ላይ ያድርጉና ይለኩ። ከዚያ ዕቃውን ከፊትዎ አርቀው ወደ ብሩህ ሰማይ አዙረው (ፈጽሞ ወደ ፀሐይ አያዙሩት) የዓይን ማስገቢያውን ሲያዩ ትንሽ የብርሃን ክብ ይታያል፤ እርሱንም ይለኩ። የፊተኛው ሌንስ 24 ሚሊሜትር፣ ክቡ 3 ሚሊሜትር ሆኖ ከተገኘ፣ 24 ለ3 ሲካፈል 8 ስለሚሆን፣ «30 እጥፍ» የተባለው መነጽር ከ8 እጥፍ አያልፍም። እንዲህ ያለውን ማጣሪያ ሻጩ ፊት ማድረግ ነውር የለውም፤ ዋጋ ለመከራከርም ይረዳል። በዚያው የብርሃን ክብ ላይ ሌላም ነገር ይነበባል። ክቡ ሙሉና ጥርት ያለ ከሆነ መልካም ነው፤ ዳሩ ጠቁሮ መሐሉ ወደ አራት ማዕዘን ያደላ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው ፕሪዝም (ብርሃኑን እያጠፈ የተገለበጠውን ምስል የሚያቃናው መስታወት) ባክ-4 ከሚባለው ሳይሆን ቢኬ-7 ከሚባለው ርካሽ መስታወት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ቢኬ-7 ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የምስሉ ዳርቻ ግን ይደበዝዛል።

ቀዩ ሌንስ ብዙ አያቆየንም። ቅብ ያልተደረገበት አንድ የመስታወት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። በባይኖኩላር ውስጥ እንዲህ ያሉ 10 ገጾች ቢኖሩ ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ቅብ የሚደረገው ይህንን ለመቀነስ ነው፤ የብርሃን ነጸብራቅን የሚቀንሰውን ቅብ እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ የሌንስ አምራች በዛይስ ድርጅት ውስጥ የሠራው አሌክሳንደር ስማኩላ ነበር። ጥሩ ቅብ ብርሃኑን ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። ሌንሱ እንደ መኪና የኋላ መብራት የሚያበራ ከሆነ ቀዩ ብርሃን ወደ ዓይናችን እየገባ አይደለም ማለት ነው፣ የምናየውም ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላ ምስል ይሆናል። የወፍን ቀለም ለመለየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የባሰ ስጦታ የለም። ትክክለኛው መፈተሻ የሱቁን አምፖል በሌንሱ ላይ ማየት ነው፦ ነጸብራቆቹ ደብዘዝ ያሉ፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆኑ ገጾቹ ተቀብተዋል፤ ከመሐላቸው ነጭና ደማቅ የሆነ ካለ አንዱ ገጽ ሳይቀባ ታልፏል።

ዙሙንም በአጭሩ። በርካሽ ዕቃ ውስጥ ዙም ማለት በሁለቱም ቱቦ እኩል መንቀሳቀስ ያለባቸው ተጨማሪ ሌንሶች ማለት ነው። እኩል ካልተንቀሳቀሱ ሁለት ዓይን ሁለት የተለያየ ምስል ያያል፣ ራስም ያማል። ዕይታው ደግሞ በዝቅተኛው ቁጥር ላይ እንኳ ጠባብ ነው። ጥሩ የሚባለው ባይኖኩላር ከሞላ ጎደል ሁሉም የማቅረብ ቁጥሩ አንድ ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ትከሻው የወጣው ጊዜ ያለፈበት ነው ወደሚለው ስመጣ፣ እዚህ ላይ ጸሐፊው አንባቢያቸውን በቀጥታ ከሚጠቅመው ዕቃ አርቀውታል ብዬ አምናለሁ። ትከሻው የሚወጣው በውስጡ ባሉት ፖሮ በሚባሉት ፕሪዝሞች ምክንያት ነው። የአሠራሩ ባለቤት ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ ሲሆን መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። አሮጌ ነው ማለት ይህ ከሆነ እውነት ነው። ነገር ግን በፖሮ ፕሪዝም ውስጥ ብርሃኑ የሚንጸባረቀው በመስታወቱ ገጽ በራሱ፣ ያለ ምንም መስታየት ቅብና ያለ ኪሳራ ነው። ቀጥ ባሉት ቱቦዎች ውስጥ ያለው፣ ጣሪያ መሰል ፕሪዝም የሚባለው ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የጣሪያው ማዕዘን እጅግ በጣም ትክክል ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ በአብዛኞቹ ዓይነቶች አንዱ ገጽ እንደ መስታየት መቀባት አለበት፤ በጣሪያው ላይ ለሁለት ተከፍሎ እንደገና የሚገናኘው ብርሃንም እርስ በርሱ እንዳይጣላ ልዩ ቅብ ያስፈልገዋል። ይህን የመጨረሻውን ቅብ ዛይስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ከዚያ በፊት በገንዘብ የማይታሙ ሰዎች እንኳ ለጥራት ሲሉ ፖሮን ይመርጡ ነበር። ሦስቱን በደንብ ለማሟላት ገንዘብ ይወጣል። ዋጋው ዝቅ ሲል አምራቹ የሚቀንሰውም ከእነዚህ ነው፤ ከውጭ ስለማይታዩ።

ስለዚህ ሁለት ባይኖኩላሮች እኩል ርካሽ ሆነው ከተቀመጡ፣ አንዱ ትከሻው የወጣ 8×40፣ ሌላው ቀጥ ያለ 8×42 ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ምስል የሚሰጠው የመጀመሪያው ነው። ጸሐፊው «ዘመናዊ» ባሉት ላይ የሚከፈለው ገንዘብ አንድ ክፍል ለቅርጹ ይሄዳል። ይህ ማለት ቀጥ ያለው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ትከሻው የወጣው ጓዝ ይበዛበታል፤ ሲወድቅ ፕሪዝሙ ከቦታው የመንሸራተት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ብዙዎቹም ስለማይታሸጉ እርጥበት ይገባቸዋል። በክረምት ዝናብና በሐይቅ ዳር እርጥበት ውስጥ የሚሠራ አስጎብኚ ዕቃውን በቦርሳ ዘግቶ ካስቀመጠው በሌንሱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛም ከፊት በኩል በመብራት እያበሩ ያንን ድር መፈለግ ተገቢ ነው። በየቀኑ ዝናብና ጀልባ የሚያጋጥመው ሰው ጥቂት ወራት ታግሦ የታሸገና ናይትሮጂን የተሞላ ቀጥ ያለ ቢገዛ ሚዛን ይደፋል። በሳምንቱ መጨረሻ ፍቅር ሐይቅ ወርዶ ለሚመለስ ተማሪ ግን ትከሻው የወጣው ይበቃዋል።

የሁለቱ ቱቦዎች መስመር መገጣጠምም በዚሁ ይፈተሻል። ከሱቁ ደጅ ሆነው በሩቅ ያለ የመብራት ሽቦ ወይም የጣሪያ ጠርዝ ላይ ያስተካክሉና መነጽሩን ቀስ ብለው ከዓይንዎ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ከዚያም አንድ ስንዝር ያርቁት። በግራና በቀኝ ክብ ውስጥ ያለው መስመር በአንድ ከፍታ ከቀጠለ ደህና ነው፤ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ግን ዕቃው በርካሽም ቢሆን ይቅር፣ ጥገናው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላልና።

አሁን ወደ ጠመንጃ መነጽሩ ልምጣ። ጸሐፊው የተነሡበት አንድ እውነት አለ፦ ለነጥብ 22 ጠመንጃ የሚሠሩ መነጽሮች ርካሽ ሆነው ሳለ ብዙ ዓመት ሲያገለግሉ ይታያሉ። የዚህ ምክንያት ግን የጠመንጃው ግፊት አነስተኛ መሆኑ ነው፤ ዕቃው አይንገላታም። የምስሉ ጥራት የሚበልጠው ስለዚህ ነው ማለት አይደለም። ለቆርቆሮ ጣሳ ዒላማና ለትንሽ አደን በሚፈቀድበት አገር ለተሠራበት ሥራ ጥሩ ነው፣ እዚያም ቢሆን ልምድ ያላቸው ሰዎች 4 እጥፍ ወይም እስከ 9 የሚሄድ ይበቃል ይላሉ እንጂ 20 አይሹም። በእጅ ተይዞ ወፍ ሲታይበት ግን ከየአቅጣጫው ያንገራግራል። የጠመንጃ መነጽር የተሠራው ዓይን ከኋላው ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ርቆ እንዲቆም ነው፣ በጠመንጃው መመለስ ግንባር እንዳይመታ። በጠመንጃ ላይ ታስሮ ጉንጭ ሰደፉ ላይ ሲያርፍ ይህ ርቀት በራሱ ይጠበቃል። በእጅ ሲያዝ ግን ዓይን ትንሽ ሲያጋድል ምስሉ ጠፍቶ ጥቁር ይሆናል። ዕይታው በ9 እጥፍ ላይ በ100 ሜትር ርቀት ከ4 እስከ 5 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከላይ ካነሣሁት 12 ሜትር ጋር ያነጻጽሩት።

ከዚህ የሚከፋው የትኩረት ርቀቱ ነው። ባይኖኩላር በመሐሉ ያለውን ጎማ በማዞር ከጥቂት ሜትር እስከ አድማስ ድረስ ይስተካከላል። ርካሽ የጠመንጃ መነጽር ግን በፋብሪካ በአንድ ርቀት ላይ ተወስኖ ይመጣል፦ ለትልልቆቹ ጠመንጃዎች በተለምዶ 100 ያርድ ወይም 91 ሜትር፣ ለነጥብ 22 ደግሞ 50 ያርድ ወይም 46 ሜትር አካባቢ ነው። በኋላው በኩል የሚዞረው ቀለበት የዒላማውን መስቀል ለማጥራት ነው እንጂ ርቀት ለመቀየር የተሠራ አይደለም። ስለዚህ በ5 ሜትር ርቀት ደንገል ላይ ያረፈች ትንሽ ወፍ ደብዝዛ ትታያለች፣ ያውም በአንድ ዓይን፣ ከመሐሏ መስቀል ተሰምሮባት። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት እንዲህ ያለውን ነው።

የሕጉም ነገር አለ። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥራ ላይ ባለበት ሁኔታ፣ ለጠመንጃ የተሠራ ማነጣጠሪያ በሻንጣ አስይዞ ማስመጣት ለዘመድም ለተቀባይም ጥያቄ ይጋብዛል። ባይኖኩላር እንኳ ሲገባ ፈቃድ ሊጠየቅበት ስለሚችል አስቀድሞ ከጉምሩክ ማጣራት ይበጃል። አንድ አስጎብኚ እንግዶቹን ይዞ ሲሄድ ፍተሻ ላይ በቦርሳው ስላለው የጠመንጃ መነጽር ማስረዳት እንዳለበት ጸሐፊው አስበውበት ቢሆን ኖሮ ይህን ምክር የሚሰጡ አይመስለኝም።

የቀረው የዓይን መነጽር ለሚያደርጉት የተነገረው ነው። ጸሐፊው ያዩት ችግር እውነተኛ ነው፦ መነጽር ያደረገ ሰው ዓይኑ ከባይኖኩላሩ ስለሚርቅ በዙሪያው ጥቁር ቀለበት ይታየዋል። መፍትሔው ግን መተው አይደለም። የዓይን ማስገቢያው ጎማ የሚታጠፍ ወይም የሚሽከረከር ከሆነ ወደ ታች ይደረጋል፣ ዕቃውም ሲመረጥ ዓይን ከሌንሱ 15 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ ሙሉውን ዕይታ የሚሰጠው ይፈለጋል። ቅርብ ወይም ሩቅ ማየት ብቻ የሚቸግረው ሰው ደግሞ መነጽሩን አውልቆ በባይኖኩላሩ መሐል ባለው ጎማ ማስተካከል ይችላል፤ አስቲግማቲዝም (የዓይን ገጽ ክብነት መዛባት) ያለበት ግን መነጽሩን እንዳደረገ መመልከት ይኖርበታል። ሁለቱ ዓይኖች እኩል የማያዩ ከሆነ በቀኙ ማስገቢያ ላይ ያለው ቀለበት ለዚያ የተሠራ ነው፦ ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ በመሐሉ ጎማ ለግራው ያጠራሉ፣ ከዚያ ግራውን ጨፍኖ ጎማውን ሳይነኩ ቀለበቱን ብቻ እያዞሩ ለቀኙ ያጠራሉ። ከዚያ በኋላ መንካት የሚያስፈልገው የመሐሉን ጎማ ብቻ ነው። «ይህ ባይኖኩላር ያደበዝዛል» ተብሎ ወደ ሱቅ ከሚመለሰው ዕቃ ስንቱ ይህ ቀለበት ሳይነካ እንደተመለሰ ሻጮቹን መጠየቅ ነው።